በእኛ ሰዓት ወይስ በማዶ?

እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው «ካሜራሽን ክፈቺው እንጂ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ይህን የሚለኝ ሰው ሁልጊዜ ከኋላው መጋረጃ፣ ከፊቱ የታሸገ ውኃ፣ ከራሱ በላይ የማይጠፋ መብራት ያለው ነው። እኔ ያለሁት መተማ ነው። መስኮቱን ብከፍተው ወበቁ ይገባል፣ ብዘጋው እዚያው እቀቀላለሁ። ካሜራዬን ብከፍት የሚታየው አንገቴ ላይ የጣልኩት ፎጣና ላቤ ነው፤ ለዚያውም ምስሉ እስኪደርሳቸው ድምፄ ይጠፋል።

ሥራዬ የጤና መረጃ ባለሙያ ይባላል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ሪፖርት መሰብሰብና ማጠናቀር ነው። በተግባር ግን ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ቢያኝክ እኔ፣ የአለቃዬ ስልክ ፎቶ ሞልቶ እምቢ ቢል እኔ፣ ማራገቢያው ቢንቋቋ እኔ እጠራለሁ። ከወረርሽኙ ወዲህ ስብሰባ ሁሉ ወደ ስክሪን ሲዞር ማንም ሳያማክረኝ እሱም የእኔ ሆነ።

የምነግራችሁ ነገር የተነሳው በአንድ ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ድርጅት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የመድኃኒት ማቀዝቀዣዎች ለጥቂት ጤና ጣቢያዎች ልስጥ ብሎ መጣ። እግዜር ይስጠው። የሚፈልግ ጤና ጣቢያ በስክሪን ይቀርባል፣ አሥር ደቂቃ ያስረዳል፤ ከተማ የተቀመጠው ኮሚቴ ሰምቶ ለማን እንደሚገባ ይወስናል። ከእኛ በኩል የተመረጠችው ከኮኪት ከተማ ወዲያ፣ ከሰሊጥ እርሻዎቹ መሐል ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ናት። እዚያ የምትሠራውን ነርስ ሁሉም ሲስተር ይላታል፤ እኔም ሲስተር እላታለሁ። ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች፣ ግን አንቺ እየተባባልን ነው የኖርነው።

ያች ጤና ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ጭር ያለች ናት። የአረም ጊዜ ሲደርስ ግን ከጎጃሙም ከወሎውም ከጎንደሩም ደጋ ሳሉጎቹ ይጎርፋሉ። ሳሉግ የምንለው በየእርሻው ለአረምና ለአጨዳ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ነው። ሰሊጡ መሐል ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው እባብ ይነድፈዋል። የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጪ አይቀመጥም። የሲስተር አሮጌ ማቀዝቀዣ ከሞተ ሰንብቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ሩቅ ሆስፒታል ነው፤ በክረምት ጥቁሩ አፈር ሲላቁጥ ደግሞ ከትራክተር በቀር ወደዚያ የሚሄድ ነገር የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ የወሎ ልጅ ተነድፎ በትራክተር ተሳቢ ላይ ይዛው ስትሄድ «ስንት ቀረን?» እያለ ይጠይቃት ነበር። ገንዳ ውኃ ከተማ ሳይደርሱ መጠየቁን አቆመ። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ደግማ አላነሳችውም።

ማቀዝቀዣው ይህ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ሊንኩም ስላይዱም፣ ለዚህ ነበር።

አለቃዬ ጠራኝና «የኮሚቴውን ስብሰባ በቴክኒክ የምናዘጋጀው እኛ ነን ብያቸዋለሁ፤ በሁሉም ማሽን ላይ የሚሠራ የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራም ምረጪ» አለኝ።

«ለምን እኛ?»

«ባለፈው እነሱ የመረጡት ግማሹን ሰው አላስገባም ብሎ ስብሰባው ፈረሰ። እኔም እኛ ጋ ጎበዝ ልጅ አለች አልኳቸዋ።»

በእኛ መሥሪያ ቤት ሙገሳ እንደ ኮርቻ ነው፤ ከተጫነብሽ በኋላ የሚከተለው ጭነት ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ። አልዋሽም።

«ሁሉም ማሽን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በወረቀት ዘረዘርኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ የተገመጠ ፖም ያለበት ውድ ስልክ አላቸው። (ንዴቴ ሳይበርድ «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው አስተዳደጌ ሌላ ስለማይፈቅድልኝ ነው።) አንዷ አባል ታብሌት፣ ሌላው አምራቹ ራሱ የረሳው አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው። ሲስተር መስታወቱ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ አላት። እኔ የራሴ ላፕቶፕ አለችኝ፤ ማዶ ሱዳን ካለው የጋላባት ገበያ የተገዛች፣ ቁልፎቿ ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን ዓረብኛ የተጻፈባት። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር አትጠይቁኝ። ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ማጉያ ይገዛልኝ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ በዚያው አርፏል።

ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ስማቸውን ትቼ በጠባያቸው ልጥራቸው። የመጀመሪያውን ሆዳሙ አልኩት። ለአንድ ሳምንት ብዬ የሞላሁትን የኢንተርኔት ጥቅል ከሲስተር ጋር ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ በልቶት ቁጭ አለ። ሁለተኛው መርማሪው ነው። ኢሜይል አምጪ፣ የይለፍ ቃል አውጪ፣ አይ እሱ ደካማ ነው ሌላ አውጪ፣ አሁን በመልእክት ኮድ ልኬልሻለሁና እሱን አስገቢ ይላል። መልእክቱ እኛ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ሲያሻው ነው። ሲስተር ደውላ «ኮዱ ጊዜው አልፎበታል ይለኛል» ስትለኝ አንጀቴ አረረ። ፖሊስ እንኳ ይህን ያህል አይጠይቅም። ሦስተኛው ኩሩው፣ በሰብሳቢው ስልክ ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል። በሲስተር ስልክ ላይ ግን «መሣሪያዎ አይመጥንም፣ አዲስ ይጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። አዲስ ይጠቀሙ! የሚገዛላት ይመስል። አራተኛው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ወሬው መሐል ላይ ቆርጦ «ለመቀጠል ይክፈሉ» አለ።

የሚያናድደኝ ፕሮግራሞቹ አለመሥራታቸው አልነበረም። የሚያናድደኝ የሠሯቸው ሰዎች እኛን ጭራሽ አለማሰባቸው ነው። አንድ ሰው ስልክ አለው ሲሉ መብራትም፣ ኢንተርኔትም፣ ጸጥ ያለ ክፍልም አብሮ ያለው ይመስላቸዋል። ሲስተር ያላት ኔትወርክ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ለዚያውም እውነትም በሰማይ። ጤና ጣቢያዋ ግቢ ውስጥ የውኃ ታንከር የተቀመጠበት ከፍ ያለ የብረት ቆጥ አለ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሳሉጎቹ ቆጡን «ቴሌ» ይሉታል፤ እናቱ ጋ መደወል የፈለገ ሁሉ ተራ ይዞ ይወጣበታል። ሲስተርም ለሙከራው በጠራኋት ቁጥር ነጭ ጋውኗን ሰብስባ መሰላሉን እየወጣች ነበር የምታነጋግረኝ።

አምስተኛውን ትሑቱ አልኩት። መጫን አይፈልግ፣ መመዝገብ አይፈልግ፤ ሊንኩን ሲነኩት እዚያው የኢንተርኔት ማሰሻው ላይ ይከፈታል። በፖሙም ስልክ፣ በታብሌቱም፣ በአሮጌው ኮምፒውተርም፣ በተሰነጠቀውም ስልክ ሠራ። ምስሉን ሁሉ ከዘጉት ደግሞ ድምፁና ስላይዱ ብቻ በትንሽ ኢንተርኔት ያልፋሉ። ቀረጻም ይይዛል። በሙከራው መጨረሻ ቀን ሲስተር ከታንከሩ ላይ ሆና ስላይዶቿን አንድ በአንድ ስትገልጥ የእኔ ስክሪን ላይ ጥርት ብለው መጡ። ወንበሬ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ።

ስላይዶቿን በስልኳ ራሷ ነው የሠራቻቸው። አንደኛው ጤና ጣቢያዋ ናት። ሁለተኛው ሳሉጎቹ የሚመጡበት ወራት። ሦስተኛው የመድኃኒት ክፍሉ በር ነው፤ ሜትር ዘርግታበት ፎቶ አንስታዋለች። በዚህ ስስቅባት ተቆጣችኝ። አንድ ጊዜ ለሌላ ጤና ጣቢያ የመጣ ማቀዝቀዣ በሩ አላስገባ ብሎት ክረምቱን ሙሉ ደጅ ዝናብ ሲመታው እንደከረመ ታውቃለች። «በሩን ሳያዩ ዕቃ የሚልኩ ሰዎች ናቸው፤ እኔ አሳያቸዋለሁ» አለችኝ። አራተኛው መንገዱ ነው። አምስተኛው ላይ ፎቶ የለም፣ «ስንት ቀረን?» የሚል ጽሑፍ ብቻ።

ከመውረዷ በፊት «ሰዓቱስ?» አለችኝ። «በእኛ ነው በማዶ?»

ይህን ጥያቄ እኛ አገር የማይጠይቅ የለም። ማዶ ማለት ሱዳን ነው፤ ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስልኮቻችን ድንበር ላይ ስለሆኑ የጋላባቱ የስልክ ማማ ሲስባቸው ሳናውቀው ሰዓታቸው ይቀየራል። ስለዚህ መተማ ውስጥ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው፣ ሚስት ለማጨትም ይሁን ሰሊጥ ለማስጫን፣ «በእኛ ነው በማዶ?» ብሎ ሳያረጋግጥ አይለያይም። ሽማግሌዎቹ እንኳ ይጠይቃሉ።

እኔ ግን ሳቅሁባት። «ተይ እሱን፣ አንቺ ደግሞ» አልኳት። «ይህ ፕሮግራም የሰዉን ሁሉ ሰዓት ራሱ ያውቃል። ግብዣውን እልክልሻለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልክሽ ይጮኻል። ሲጮኽ ታንከሩ ላይ ውጪ። እስከዚያ በሽተኛሽን እይ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችና ወረደች።

በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባውን ከፈትኩ። ኮሚቴዎቹ በአለቃዬ ደብዳቤና በሊንኩ አንድ በአንድ ገቡ፤ የሌሎቹም ጤና ጣቢያዎች ሰዎች ገቡ። ማንም «አላስገባ አለኝ» አላለም። አለቃዬ በሩን ከፍቶ አየኝና አውራ ጣቱን አሳየኝ። ሰብሳቢው ከመጋረጃቸው ፊት ሆነው «ካሜራሽን ክፈቺው እንጂ» አሉኝ፤ ከፈትኩላቸው፤ ፎጣዬን አዩት። ከዚያ «የመጀመሪያዋ አቅራቢ ትቀጥል» አሉ።

የመጀመሪያዋ አቅራቢ ሲስተር ነበረች። የለችም።

ደወልኩ። አይሰራም። ደግሜ ደወልኩ። ታንከሩ ላይ ካልወጣች ስልኳ እንደማይሰራ አውቃለሁ፤ ግን ጣቴ ይደውላል። ለሰብሳቢው «እባክዎ ሌሎቹ ይቅደሙ፤ ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። ሌሎቹ ቀደሙ። ሁሉም ከተማ አጠገብ ያሉ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በትልልቅ ስክሪን፣ ሁለቱ እንዲያውም ከኋላቸው አበባ አስቀምጠው። በዚህ አልቀየማቸውም፣ እነሱም የሚፈልጉት ማቀዝቀዣ ነው። የሁሉም ካለቀ በኋላ «ትንሽ ጠብቁልኝ፤ በሽተኛ ይዛ ይሆናል» ብዬ ለመንኩ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «እህቴ፣ የስብሰባ ሰዓት ያላከበረች ማቀዝቀዣ እንዴት ትንከባከባለች?» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይህ ነው። ያች ሴት ሌሊትም ቀንም በሯ ተንኳኩቶ አልከፈትም ብላ አታውቅም። መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩ፤ ሳስበው የምለው ሁሉ ስድብ ሆነብኝና መልሼ ዘጋሁት። «ያልተገኘች በሚል ይያዝ» አሉና ስብሰባውን አመስግነው ዘጉ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊቶች አንድ በአንድ ጠፉ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ምናልባት ትመጣ ይሆናል ብዬ ስብሰባውንም ቀረጻውንም ሳልዘጋ ተቀመጥኩ።

ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ሲስተር ገባች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ» አለች፤ መሰላሉን ሮጣ ስለወጣች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኢንተርኔት እንዳይበላባት ምስሉን ሁሉ ዝጊው ያልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አታይም፤ የምታየው የራሷን ስላይድ ብቻ ነው። «ጊዜያችሁን እንዳልሻማ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ» አለችና ጀመረች።

ማይኩን መክፈት ነበረብኝ። «ሲስተር፣ ሄደዋል» ማለት ነበረብኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልቻልኩም። አንደኛ ስላይድ፣ ሁለተኛ ስላይድ፣ ሦስተኛው በሩ። «በሩ ይህን ያህል ይሰፋል፤ ሜትሩን እዩት» አለች። ቁልጭ ያለ ንግግር ነበር። ስንት ቀን እንደተለማመደችው ያስታውቃል። ቃላቷን መራርጣለች፤ አልፎ አልፎ «ክቡራን የኮሚቴው አባላት» ትላለች። እኔ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጬ ፎጣዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቅሳለሁ። አምስተኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ ስለ ወሎው ልጅ ተናገረች፣ ለእኔ ከነገረችኝ ባነሰ ቃል። ከዚያ «ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ» አለች።

የታንከሩ ላይ ነፋስ ብቻ ይሰማል።

«እየሰማችሁኝ ነው?» አለች።

ማይኩን ከፈትኩ። «ሰምተንሻል ሲስተር» አልኩ። «ጥያቄ የለም። ግልጽ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ደስ ብሏት ወረደች።

ለምን አምስት ሰዓት ሆነባት? ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ይህን ስፈልግ ዋልኩ። ፕሮግራሙን ረገምኩት፣ ስልኳን ረገምኩት፣ ኔትወርኩን ረገምኩት። ጥፋቱ ግን ከአንዳቸውም አልነበረም። ላፕቶፔ ከጋላባት ስትገዛ ሰዓቷ የካርቱም ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? እዚህ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አገሯን ሳልቀይር ሰዓቷን ብቻ በእጄ አንድ ወደ ፊት ገፋሁት። ፊቷ ላይ የሚታየው የእኛ ሰዓት ነው፤ በሆዷ ግን ሱዳን ናት። ግብዣው ላይ አራት ሰዓት ብዬ ስጽፍ የሱዳን አራት ሰዓት ብላ ተረዳችኝ፤ እሱ ደግሞ የእኛ አምስት ነው። ሌሎቹን ያዳናቸው የአለቃዬ ደብዳቤ ነው። ሲስተር ስልኳን በትክክል ኢትዮጵያ ላይ አድርጋ ነበርና ስልኳ የታዘዘውን ሰዓት ጠብቆ ጮኸ። አንድ ጊዜ «በእኛ ነው፣ አራት ሰዓት» ብላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ጠይቃኝ ነበር እኮ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በፕሮግራም ላይ ስራቀቅ ከርሜ ሽማግሌ የሚጠይቀውን ጥያቄ ናቅሁ። እጄን በእጄ ነው የቆረጥኩት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «አለፈ እኮ፤ በሚቀጥለው ዙር ትቀርባለች» አለኝ። ለሰብሳቢው ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጻፍኩላቸው፤ መልስ አልሰጡኝም። ቀረጻውን ልልክ ሞከርኩ። ፋይሉ ከባድ ነው፤ ግማሽ ላይ ይደርስና ይቋረጣል፤ ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆነ።

በማግስቱ ሰሊጥ ለመጫን በሚሄድ መኪና ኮኪት፣ ከዚያ በሞተር ጤና ጣቢያዋ ደረስኩ። ሲስተር የአንድ ሳሉግ እግር እያጠበች ነበር። ጨርሳ እጇን እስክትጠርግ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ላፕቶፑም፣ ብቻዬን እንደሰማኋትም፣ ስለ ውሸቴም።

«እንግዲያ ያን ሁሉ ያወራሁት ለማን ነበር?» አለች።

«ለእኔ።»

«አንቺማ ታውቂው የለ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ያህል መታገሷ ራሱ አናደደኝ። ለምንድን ነው የማትቆጪው ብዬ እኔው ተቆጣኋት። «ቁጣው ማቀዝቀዣ ያመጣል?» አለችኝ። ቀጥላም «ቀረጻው አለ አይደል? ይዘሽ ሂጂ። የሚጠይቁት ካለ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ታንከሩ ላይ እወጣለሁ» አለች። ጣቷን አነሳችብኝ። «በእኛ።»

ለራሴ ፈቃድ ሞልቼ፣ ጎንደር አድሬ፣ ኮሚቴው ወዳለበት ከተማ ሄድኩ። ሰብሳቢው ቢሮ ደጃፍ ላይ አንድ ቀን ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ በሩ ላይ ቀደምኳቸው። ከፎጣዬ ነው መሰለኝ ያወቁኝ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸውና ፍላሽ ዲስኩን ሰጠኋቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ ሰኩት። «ይህ ዓይነቱ ፋይል በዚህ መሣሪያ አይከፈትም» አለ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ያ ሁሉ ዋጋ ያለው ማሽን። መሳቅ አልነበረብኝም፣ ግን ሳቅሁ።

«ተይው፣ ይቅር» አሉኝ።

«አይቀርም» አልኩ። ስልኬን አወጣሁና ፊታቸው ይዤ ቆምኩ። «አሥር ደቂቃ ነው። እሷ የተፈቀደላት አሥር ደቂቃ።»

መጀመሪያ ቆመው ሰሙ፤ ቦርሳቸው እጃቸው ላይ ነው። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አላደረጉም ነበርና ማያ ገጹን ብዙም አላዩትም፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ነው የሰሙት። የወሎው ልጅ ጋ ሲደርስ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ የሲስተር ድምፅ «ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ» አለ። ነፋሱ። «እየሰማችሁኝ ነው?» ቀጥሎ «ጥያቄ የለም። ግልጽ ነው» የሚለው።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው።»

«እኛስ?»

«ወጥታችሁ ነበር።»

መሳቢያቸውን ከፍተው ዝርዝሩን አወጡ፤ ገና አልተፈረመበትም ነበር። «ያልተገኘች» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዙት። «አንድ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ» አሉ።

«እኔን አይጠይቁኝ» አልኳቸው። «አራት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

ግድግዳቸው ላይ ያለውን ሰዓት እያየን ጠበቅን። አራት ሲሞላ ደወልኩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ነፋሱ ቢሮው ውስጥ ገባ።

«ሲስተር፣ ሰብሳቢው ናቸው። ጥያቄ አላቸው።»

«አሁን?» አለች።

«አዎ። ትንሽ አርፍደዋል።»

«ምንም አይደል» አለች። «እኛ ጋ አርፍዶ የመጣ አይመለስም። ይጠይቁ።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና ብለው አላዩኝም። «የመድኃኒት ክፍላችሁ በር» አሉ፣ «ማቀዝቀዣውን ያስገባዋል ወይ?»

«ስላይድ ሦስት ላይ አለ» አለች ሲስተር። «ግን እነግርዎታለሁ፤ ይጻፉ።»